የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ

መምህር፦ እህቴ፣ ከሥራ ስላስቀረሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅዎ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ውጤቷም ደህና ነው። የቸገረኝ ቅዳሜዋ ነው። ለፈተናው በምንሰጠው ማጠናከሪያ ዝርዝር ላይ ስሟ አለ፣ እሷ ግን የለችም።

እናት፦ አውቃለሁ መምህር። የፈቀድኩላት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች ጋር አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች።

መምህር፦ እርስዎ ፈቅደውላት? እኔ እኮ ማጠናከሪያ እያለች የምትወጣ መስሎኝ ነው ያስጠራሁዎት። እንደሱ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጅ መምከር የለመድኩት ሥራ ነው፤ እናት መምከር ግን ይከብዳል።

እናት፦ ግድ የለም፣ ይምከሩኝ። የምመልሰው አላጣም።

መምህር፦ እንግዲያው ከቁጥሩ ልጀምር። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ማለት በ2014 ተፈታኞች ጊዜ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 5.4 ሲደርስ እሰይ ተባለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጣሉ። አንድም! ልጅዎ ከሚያልፉት ጥቂቶች አንዷ መሆን የምትችል ልጅ ናት። ይህንን ለመጣ ወላጅ ሁሉ አልናገርም።

እናት፦ ስለ ልጄ እንዲህ በማለትዎ አመሰግናለሁ። ግን ቁጥሩን ሲነግሩኝ እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው። ከመቶው ዘጠና አምስቱ የማያልፉ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሲመላለሱ ኖረው ትምህርት ቤቱ ምን አስይዞ ነው የሚሸኛቸው?

መምህር፦ ሪሚዲያል አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ።

እናት፦ እሱማ ከወጡ በኋላ ነው። እኔ የምጠይቀው እዚህ ግቢ እያሉ ስለሚያገኙት ነው። ነገሩ ሁሉ ፈተናው ብቻ ከሆነ፣ ያላለፈው ልጅ ወደቀ የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ከሩቅ አይደለም የማወራው። በ1990 ማትሪክ ተፈትኜ 1.8 ነው ያመጣሁት። አባቴ ከዚያ በኋላ ሰንብቶ ነው ያናገረኝ። ክሊኒክ ካርድ ክፍል የገባሁት በምን ይመስልዎታል? እዚያው ተማሪ ቤት በቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠልጥኜ ነበር። ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ ማሰር፣ የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚነሳ። ልቀጠር የሄድኩ ዕለት አንዲት ሴት እዚያው በር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ሲጮኽ እኔ እግሯን ከፍ አድርጌ ሰዉን ገለል አስደረግሁ። ሰርተፊኬቴን እንኳ አላዩትም።

መምህር፦ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን አብረውዎት ክበብ የነበሩት ሁሉ ሥራ አገኙ?

እናት፦ ሁሉማ የት ያገኛሉ።

መምህር፦ እንግዲያው ለሥራ ያበቃዎት ክበቡ ብቻ አልነበረም፤ የዚያች ሴትዮ በሩ ላይ መውደቅም አለበት። እንደዚህ ያለውን አጋጣሚ ተስፋ አድርጌ የሰው ልጅ ቅዳሜ በክበብ ይለፍ ማለት አልችልም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ አይቀየሙኝ። ስለ ዘጠና አምስቱ ሲያወሩ ልጅዎን ካሁኑ ከእነሱ ጋር መደቧት። ትወድቃለች ብለው መውደቂያዋ ላይ ፍራሽ እያነጠፉላት ነው። ልጅ ደግሞ የእናቷን ፍርሃት ሳይነገራት ነው የምታውቀው።

እናት፦ ይሄ ከበደኝ መምህር።

መምህር፦ ይከብዳል። ውሸት ነው ግን?

እናት፦ ግማሹ እውነት ነው። እፈራለሁ። የማይፈራ ወላጅ ካለ ገንዘብ ያለው ነው። አብርሆት የምትሄደው ግን ልትወድቅ ተዘጋጅታ አይደለም። ብታልፍስ? በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ የሚያፍረው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የሆነ ስንት ልጅ አለ። እዚህ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ?

መምህር፦ ዩኒት ሊደሩ ጋ መሰለኝ።

እናት፦ መሰለኝ ነው የሚሉት። አያውቁም፤ አይፈረድብዎትም። እሷ ግን በሐምሌ 2016 ለተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ስትመዘገብ በእኔ ስልክ ነበር። ዌብ ፕሮግራሚንግ የሚለውን መረጠች። የወሩ ጥቅል በሳምንቱ አለቀ። ከዚያ ነው ከክበቡ ልጆች ጋር አራት ኪሎ፣ አብርሆት መመላለስ የጀመሩት። አብርሆት በ2014 ሲከፈት ፎቶ መነሻ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ልጄ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የምታገኝበት እሱ ነው። ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየቆሙ፣ ያልገባቸውን ቃል እየጻፉ፣ አንዱ ለሌላው እያስረዳ ነው የሚሄዱት። እናንተ መምህራን እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው ትላላችሁ፤ እኔ እንዲህ ተጨንቀው ሲያነቡ ያየኋቸው እዚያ ነው።

መምህር፦ አልክድም። ሰርተፊኬቱ ግን ያስፈራኛል። ሰርተፊኬት የሚሰበስቡ ተማሪዎች አሉኝ። አንዱ በኦንላይን ያገኘውን ሁሉ አሳትሞ በፕላስቲክ አስለብጦ ነው የሚይዘው። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ስሰጠው ግን ወረቀቱን አዟዙሮ ያየዋል። የሥልጠናው መጨረሻ ላይ ያለው ፈተና በቴሌግራም መልሱ ይዞራል፤ ተማሪው መልሱን ይሞላል፣ ሰርተፊኬቱ ይመጣል። ያ ልጅ በኔ ክፍል ዜሮ ሲያገኝ ዜሮ መሆኑን ያውቃል። እዚያ ግን አውቃለሁ እያለ ነው የሚወጣው።

እናት፦ በክፍል ፈተናስ መልስ አይዞርም?

መምህር፦ ይዞራል። ብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተወሰደው ለምን ሆነና።

እናት፦ ስለዚህ ችግሩ የክበቡ አይደለም።

መምህር፦ የክበቡን ችግር ልንገርዎት እንግዲያው፤ ከውስጥ ስለማየው። በመዝገብ ላይ እዚህ ግቢ ያለው ተማሪ በሙሉ የአንድ ክበብ አባል ነው። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ አለን። የአካባቢ ጥበቃ አለን። የሥርዓተ ፆታ አለን። የሒሳብ ክበብ ተጠሪው እኔ ነኝ። ከክፍለ ከተማ ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው የተባለ ዕለት ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? የዓመቱ ቃለ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ይጻፋል። የጥቅምቱም፣ የታኅሣሡም፣ የመጋቢቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ። «ስብሰባው በጸሎት ተከፍቶ» የሚል ሁሉ አይቻለሁ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት! በማግስቱ ልጆቹ ችግኝ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። የአካባቢ ጥበቃው ክበብ አምና የተከለውን ማን እንዳጠጣው ጠይቀው ያውቃሉ? የፀረ ሙስናው ክበብ የሐሰት ቃለ ጉባኤ እያስጻፈ ምን ሊያስተምር ነው? ልጆቹ ይህን ያያሉ። በክበብ የሚማሩት ይህንን ከሆነ፣ ቢቀርባቸው አይሻልም?

እናት፦ እሱ ቢቀር ይሻላል። አዎ።

መምህር፦ ተስማማን?

እናት፦ በዚያ ተስማማን። አሁን እኔ ደግሞ ስለ ሚኒ ሚዲያው ልንገርዎት፤ እሱ በፎቶ አይደለም የሚሠራው።

መምህር፦ ሚኒ ሚዲያውን ለኔ አይንገሩኝ። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው ከክፍሌ መስኮት በላይ ነው። የዕረፍት ሰዓት አልቆ ተማሪ ገብቶ እንኳ ዘፈኑ አያልቅም።

እናት፦ ዘፈኑን ለወንዶቹ ይንገሯቸው፤ እሷ ዜና ክፍል ናት። ማይኩ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው፤ ገመዱን ወደ ግራ ካላጠፉት ድምፅ የለውም አሉ። አምና የሴቶቹ ሽንት ቤት ውሃ ከዕረፍት በኋላ እየጠፋ ሲያስቸግር ዜና ልሥራ አለች። የመጀመሪያው ጽሑፍ ንዴት ብቻ ነበር። «አስተዳደሩ ቸልተኛ ነው» ይላል። ኃላፊዋ መምህርት መለሰችላት። ማንን ጠየቅሽ? ውሃው የሚጠፋው ስንት ሰዓት ነው? በየቀኑ ነው ወይስ በተወሰነ ቀን? አለቻት። ልጄ ቤት መጥታ አለቀሰች። ከዚያ ሄዳ የጽዳት ሠራተኞቹን ጠየቀች፤ ጥበቃውን ጠየቀች። ለካ ታንከሩ ሞልቶ ነው የሚያድረው፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ቧንቧ ክፍት ትተው እየሄዱ ውሃ ያባክናሉ ተብሎ ጥበቃው ዋናውን መዝጊያ እንዲዘጋ ታዟል። ያዘዘው ሰው ሴቶቹ ያኔ እንደሚቸገሩ አላሰበም። ይህንን ጻፈች። ቸልተኛ የሚለው ቃል ጠፋ፤ ሰዓትና ምክንያት ገባ። ርእሰ መምህሩ መልስ ሰጡ፣ መልሳቸውም አብሮ ተነበበ።

መምህር፦ ውሃው ተመለሰ?

እናት፦ ለተወሰነ ጊዜ።

መምህር፦ ከዚያስ?

እናት፦ ከዚያ እንደገና ተዘጋ። እሷም እንደገና ሠራችው። አልዋሽዎትም፣ ሽንት ቤቱ አልተስተካከለም። ግን ልጄ ያለ ስድብና ያለ ፍርሃት አንድን ትልቅ ሰው ጥያቄ መጠየቅ ተማረች። እኔ ይህን አሁንም አልችልም። ቀበሌ ስሄድ ወይ እጮሃለሁ ወይ አጎነብሳለሁ።

መምህር፦ በክፍል ግን እጇን አታወጣም።

እናት፦ ስንት ናቸው በክፍል?

መምህር፦ ስድሳ አራት።

እናት፦ በስድሳ አራት ልጅ ፊት የተሳሳተ መልስ ብትናገር የሚስቅባት አለ። ዜና ክፍል አምስት ናቸው። መምህርቷ የመጀመሪያ ጽሑፏን መልሳላት ሁለተኛ እንድትጽፍ ጊዜ ሰጥታታለች። የእርስዎ ፈተና ሁለተኛ ዕድል አለው?

መምህር፦ የለውም። ኑሮም ብዙ ጊዜ የለውም።

እናት፦ ኑሮማ አለው መምህር። እኔ ራሴ ማስረጃ ነኝ።

መምህር፦ ወደ ትልቁ ጉዳይ ልግባ። በዚህ አገር የተማሪ ትርፍ ሰዓት ለተማሪው ተትቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይፈልገዋል። አጎቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ በታኅሣሥ 1967 ዕድገት በሕብረት ዘመቻ ወጣ። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ወደ ስድሳ ሺህ ሰው ነው ወደ ገጠር የተላከው። ፊደል አስተምሩ፣ ገበሬ አደራጁ፣ ጉድጓድ ቆፍሩ። የአስኳላው ትምህርት ለእነሱ ሁለት ዓመት ገደማ ቆመ። ከጓደኞቹ ያልተመለሱ አሉ። እሱ ተመልሶ ትምህርቱን አልቀጠለም። አሁን ደግሞ ክረምት ሲመጣ በጎ ፈቃድ እንላለን፤ የአረጋውያን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ መንገድ ላይ ትራፊክ ማስተናበር። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ስም ጥሪ አለው። ያልመጣ ልጅ ይታወቃል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ልጁ ያለ ማንም ጥሪ ቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብበትን ሰዓት መጠበቅ የኔ ሥራ ነው ብዬ አስባለሁ።

እናት፦ አጎትዎን ነፍሳቸውን ይማር ልበል?

መምህር፦ በሕይወት አለ፤ ተመስገን። አሁንም ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ለዚያም ነው የምናደደው።

እናት፦ ይናደዱ፣ መብትዎ ነው። እኔ ግን የዚያው ታሪክ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው የተወለድኩት። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ፊደል አታውቅም ነበር። ኋላ እኔን አዝላ ነው የተማረችው። ያስተማረቻት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ እናቴ እስከ ዛሬ «የኔ መምህርት» ትላታለች። ዩኔስኮ አገሪቱን ሸልሞበታል አሉ፤ ለእናቴ ሽልማቱ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ማንበብ መቻሏ ነው። ያች ልጅ ያን ክረምት ቤቷ ተቀምጣ ብታጠና ኖሮ ለራሷ ይበጃት ነበር ይሆናል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ በጣቷ ነበር የምትፈርመው።

መምህር፦ ያች ልጅ የት ደረሰች?

እናት፦ እሱን አናውቅም።

መምህር፦ እኔ መጠየቅ የምፈልገው ግን እሷን ነበር። ስለተጠቀሙት ብዙ ይወራል፤ ስለሰጡት ልጆች ጊዜ ማንም አይመዘግብም።

እናት፦ እውነት ነው። ግን እርስዎስ ዛሬ ልጄን ሲያስጠሩ የመዘገቡት ምንድን ነው? የቀረችበትን ቀን። የሄደችበትን አልመዘገቡም።

መምህር፦ ይሁን፣ ተቀበልኩ። አንድ ልጠይቅዎ፤ ይህን ሐሳብ ከየት አመጡት? እዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ምደባ በፈተና ውጤት ነው። ክበብ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

እናት፦ እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ልጇ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። እነሱ ጋ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ካልሞላ ዲፕሎማ የለም፤ እሱ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየደረደረ ነው የሞላው። ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ ደግሞ ኮመን አፕ የሚሉት ማመልከቻ አለ፤ ከክፍል ውጭ የሠሩትን እስከ አሥር ድረስ እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱን በ150 ፊደል።

መምህር፦ አየሽ! ይቅርታ፣ አዩ! ሊያሳምኑኝ ሲሉ ለኔ መሰከሩ። እዚያም ሰዓት ይቆጠራል። ልጁ መጽሐፍ የሚደረድረው መጽሐፍ ወድዶ ነው ወይስ 75 እንዲሞላ? አሥር ቦታ ክፍት ነው ከተባለ ልጅ አሥሩን ለመሙላት ይሮጣል። ገንዘብ ያለው አባት አሥረኛውን ይገዛለታል፤ የክረምት ካምፕ ነው፣ የውጭ ጉዞ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይህን ነገር ቀድመው የያዙት ውድ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሮቦቲክስ አላቸው፣ ዋና አላቸው፣ ሞዴል ዩናይትድ ኔሽንስ አላቸው። ፈተናው ምንም ይሁን ምን፣ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ከድሃ ቤት የወጣ ልጅ በዚህ አገር ሐኪም የሆነው በፈተና ነው፤ ማንም ክበቡን ጠይቆት አያውቅም። ፈተናውን አቃልለው በቦታው ማን ምን ሠራ የሚለውን ቢያስገቡ ማን እንደሚጠቀም አስበዋል?

እናት፦ ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው።

መምህር፦ ስለዚህ አይመልሱልኝም?

እናት፦ እመልሳለሁ፣ ግን ሙሉውን አይደለም። ፈተናው ይቅር አላልኩም። እህቴ ግን ሌላም ነገር ነግራኛለች። በዚያ ማመልከቻ ላይ ለክፍያ የተሠራ ሥራም ይጻፋል፤ የቤተሰብ ኃላፊነትም ይጻፋል። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ታናናሾቿን የምታበላ፣ የታመመች አያቷን የምታጥብ ልጅ ይህንን እንደ አንድ ሥራ ታስቆጥረዋለች። እኛ ጋ ያችው ልጅ በመዝገባችሁ ላይ «ክበብ ላይ የማትሳተፍ» ናት።

መምህር፦ እሷን እኮ ነው የምለው እኔ! ስሟን አልጠራም፤ ከልጅዎ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ታቀርባለች። ልጅቱ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ታግዛለች፤ ጠዋት ዓይኗ በጭስ ቀልቶ ነው የምትመጣው። አብርሆት ልሂድ ብትል የታክሲ ከየት ታመጣለች? ሚኒ ሚዲያ ልግባ ብትል ከትምህርት በኋላ መቆየት አትችልም። ክበባችሁ ለእሷ ምን አለው? ዕድል የምንለው ነገር ሁሉ ቀድሞ ጊዜ ላለው ነው የሚደርሰው። ቢሾፍቱ የፎካ ስቴም ማዕከል አለ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አለ፣ ሌላም ቦታ እየተከፈተ ነው፤ ላቦራቶሪያቸው ጥሩ ነው። የመረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኢንሳም በክረምት በሳይበር ዝንባሌ ያላቸውን ልጆች ይሰበስባል። ተመርጠው የሚገቡት ግን ቀድሞ ኮምፒውተር የነኩት ናቸው። እሷን የሚመርጥ የለም።

እናት፦ እሷ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትመጣለች?

መምህር፦ ...ቅዳሜ የጋገራ ቀን ነው።

እናት፦ እንግዲያው ከእርስዎም የለችም፣ ከእኛም የለችም።

መምህር፦ ከኔም የለችም። አዎ።

እናት፦ እኔ የማስበውን ልንገርዎት፤ ልጄም ያለችው ነው። ማጠናከሪያውና ክበቡ ለምን ይጣላሉ? የሒሳብ ክበቡ በየሳምንቱ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይሁን። የገባቸው ላልገባቸው ያስተምሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢ ውስጥ ነው፤ ታክሲ የለ፣ ዳታ የለ። የምታስተምረዋም ልጅ ትማራለች። እኔ ፋሻ ማሰር በደንብ የገባኝ ለሌላ ሳሳይ ነው።

መምህር፦ እሱ ትንሽ ያጓጓል። የማስተማር ልምድ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ግን ልጠራጠር። መምህር ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ የመምህር ምትክ ትደረጋለች፤ በተለይ ሴት ልጅ፤ በተለይ እምቢ የማትል። ዘንድሮ በምሳ ሰዓት ብላ ትጀምራለች፤ በሚቀጥለው ወር ዘጠነኛ ክፍል መምህር ቀረ፣ ግቢና ያዥልኝ ትባላለች። መንግሥት ሊቀጥረው የሚገባውን ሰው ሥራ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትሸፍነዋለች። እናንተ የአመራር ክህሎት ትሉታላችሁ። እኔ ያለ ደመወዝ ሥራ እለዋለሁ።

እናት፦ ለዚህስ መልስ የለኝም። ይሆናል ያሉት። ለእሷ አውቅላት ይሆናል እንጂ ሌላውን እንዴት እንደምከላከል አላውቅም። ግን ልጄ እኮ ልክ እርስዎ የሚሉትን ዓይነት ነገር ነው በማይኩ የምትጠይቀው። የዘጠነኛ ክፍል መምህር የት ሄደ ብላ። ክበቡን ዘግተው ማጠናከሪያ ብቻ ካደረጉት ይህን ማን ይጠይቃል?

መምህር፦ መምህራን ማኅበር።

እናት፦ ይጠይቃል?

መምህር፦ አያስቁኝ።

እናት፦ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ ገና ልጅ ሆኖ ተውኔት ጽፎ ጃንሆይ ፊት ታይቶለታል ይባላል። ያን ጊዜ አንድ መምህር ተው፣ ፈተና አለብህ ቢለው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

መምህር፦ ጸጋዬን አያምጡብኝ፤ እሱን አምጥተው የማይረቱት ክርክር የለም። አምቦ አብረውት የተማሩት ሌሎቹስ? ጸጋዬ ራሱስ ቢሆን ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ሕግም ተምሯል። መምህር ያየው ልጅ ነበር፤ ያላየነው ስንቱ ነው የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

እናት፦ እኔንም። ስለዚህ ቅዳሜን ምን እናድርገው?

መምህር፦ ሁለት ቅዳሜ ለኔ፣ ሁለት ለእናንተ ብዬ ልደራደር አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር። አሁን ግን ከእርስዎ በፊት ከልጅቱ ጋር የምጨርሰው ነገር አለብኝ።

እናት፦ አነጋግረዋታል?

መምህር፦ ትናንት አስጠርቻት ነበር። ለምን ቅዳሜ ቀረሽ ልላት። መቅጃ ስልክ ይዛ መጣች። ለሚኒ ሚዲያ ቃለ መጠይቅ ልታደርገኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

እናት፦ ወይ ጉድ። ስለ ምን?

መምህር፦ ስለ ማጠናከሪያው። ከስድስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴክሽን አርባ ልጅ ብቻ ለምን እንደተመረጠ። ማን እንደመረጣቸው። የሶሻል ተማሪዎች ለምን እንደሌሉበት። ያልተመረጡት ምን እንደተባሉ።

እናት፦ ምን መለሱላት?

መምህር፦ ጥያቄሽን በጽሑፍ አምጪ አልኳት፤ ጊዜ ለመግዛት። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። እህቴ፣ አርባዎቹን የመረጥናቸው የማለፍ ተስፋ አላቸው ብለን ነው። እርስዎ ስለ ዘጠና አምስቱ ሲያነሱ ለዚያ ነው ቶሎ ወደ ልጅዎ ያዞርኩት።

እናት፦ መቼ ነው ቀጠሮዋ?

መምህር፦ ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት። ርእሰ መምህሩን ሳላስፈቅድ መናገር እችል እንደሆነ ገና አላጣራሁም።